ስማችንን የጠሩ ባዕድ ዜማዎች

ከእንጦጦ ማርያም ደጀ ሰላም ወረድ ብሎ፣ ባሕር ዛፉ ጥላውን በሚጥልበት የመንገድ ዳር፣ አንዲት ሴት ቡና ታፈላለች። እሑድ ቅዳሴ ወጥቶ ተሳላሚው ሲበተን፣ ወደ ሽሮ ሜዳ የሚወርደውን ሚኒባስ የሚጠብቅ ሁሉ በርጩማዎቿ ላይ አረፍ ይላል። ክረምቱ ሊወጣ ሲል አንድ እሑድ በርጩማዎቹን የያዙት ወጣቶች ነበሩ፤ ሁለት ሴቶችና ሁለት ወንዶች፣ የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች። ቤተ ክርስቲያኑ ቅርብ ነውና የስልካቸውን ድምፅ ዝቅ አድርገው ዘፈን ይሰማሉ። ዘፈን ብቻ አይደለም፣ ጨዋታም ይዘዋል። አንዱ የእንግሊዝኛ ፊደል ይጠራል፤ ሌሎቹ በተራ በዚያ ፊደል ርእሱ የሚጀምር የፈረንጅ ዘፈን ያመጣሉ። ስም መጥራት ብቻውን አይበቃም፤ «ይሄን ስሙልኝ» ብሎ ለምን እንደመረጡት ማስረዳት ግድ ነው። ያጣ የሁሉንም ቡና ይከፍላል።

«እንጦጦ በእንግሊዝኛ በ‹ኢ› ነው የሚጻፈው፤ በ‹ኢ› እንሂድ» አለች አንደኛዋ።

አንዱ የኮሞዶርስን «ኢዚ» ጠራ። ሌላዋ የላየኔል ሪቺንና የዳያና ሮስን «ኤንድለስ ላቭ» አስከተለች፤ እናቷ ቤት ስታጸዳ የምታንጎራጉረው እሱን ነው አለች። «ኢተርናል ፍሌም» መጣ፣ የማይክል ጃክሰን «ኧርዝ ሶንግ» መጣ። በመጨረሻ አንደኛው ልጅ እንደ አሸናፊ ቀና ብሎ የዘ ዊክንድን «ኧርንድ ኢት» ጠራ። ምክንያቱንም ተናገረ፤ ዘ ዊክንድ የሚባለው አቤል ተስፋዬ ቶሮንቶ ተወልዶ ቢያድግም አፉን የፈታው በአማርኛ ነው፣ እናቱ ቤት ውስጥ ጥላሁን ገሠሠን፣ ማሕሙድ አሕመድን፣ አስቴር አወቀን ስታሰማው ነው ያደገው፤ የድምፁ መርገብገብ ከዚያ የመጣ ነው አለ። «ዘ ሂልስ» በተባለው ዘፈኑ መጨረሻ ላይ በአማርኛ እንደሚያዜም ስለሚያውቁ ማንም አልተከራከረውም።

ከጎናቸው ነጠላቸውን ትከሻቸው ላይ ጣል አድርገው ቡናቸውን የሚጠጡ አንድ አዛውንት ነበሩ። ጡረታ የወጡ መምህር ናቸው። ሲኒያቸውን አስቀመጡና «ኢትዮጵያስ?» አሏቸው።

«ጋሼ፣ የፈረንጅ ዘፈን ነው የተባለው።»

«እኮ! የፈረንጁን ነው የምላችሁ።»

ልጆቹ ተያዩ። ልጅ ሳለን እንቆቅልሽ ስንጫወት መልሱን ያጣ ልጅ «አገር ስጠኝ» ይባል ነበር፤ ጎንደርን ወይም ጎጃምን ሰጥቶ ይድናል። በዚህኛው ጨዋታ የተሰጠችው አገር ራሷ ኢትዮጵያ ሆነች፤ ልጆቹም ተቀብለው ምን እንደሚያደርጓት አላወቁም።

አዛውንቱ እውነታቸውን ነው። ርእሱን በኢትዮጵያ ስም የጀመረ የምዕራባውያን ዘፈን አንድ ሁለት ብቻ አይደለም፤ ከመቶ ዓመት በላይ የሚዘረጋ ሰልፍ ነው። ዘፈን ስንመርጥ በዘፋኙ፣ በስልቱ፣ ወይም በወቅቱ ስሜታችን ነው የምንመርጠው። ፊደል ይህን ሁሉ አያውቅም፤ ፈጽሞ የማይተዋወቁትን ጎን ለጎን ያስቀምጣቸዋል። በ«ኢ» ሥር የተሰለፉትን እነዚህን ዘፈኖች በተርታ የሰማ ሰው ዓለም ስማችንን ሲጠራ በየዘመኑ ምን ያስብ እንደነበር ይሰማል። ለአንባቢ የምመክረውም ለዚህ ነው። ግማሾቹን ለውበታቸው፣ ግማሾቹን ደግሞ ልናውቃቸው ስለሚገባን። (የውጭዎቹን ዓመታት እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር አስቀምጫለሁ።)

ሰልፉ የሚጀምረው ግን ስሙ የእኛ ካልነበረበት ዘመን ነው። በ19ኛው መቶ ዘመን አሜሪካ «ኢትዮጵያዊ» ሲባል ማንኛውም ጥቁር ሰው ማለት ነበር። ነጭ ዘፋኞች ፊታቸውን በተቃጠለ ቡሽ አጥቁረው በባርነት ያለውን ሕዝብ እያስመሰሉ ያስቁ ነበር፤ ከእነሱ አንዱ ቡድን ራሱን «ኢትዮፒያን ሴሬናደርስ» ብሎ ሰየመ። በ1844 በዋይት ሐውስ ተጫወተ፤ በ1846 ባሕር ተሻግሮ እንግሊዝን አዳረሰ። ታዋቂው የዜማ ደራሲ ስቲቨን ፎስተር ለእንዲህ ያለው መድረክ የጻፋቸው ዘፈኖችም «ኢትዮፒያን ሜሎዲስ» በሚል ስም ይታተሙ ነበር። ዳግማዊ ምኒልክ በተወለዱበት በ1844 ዋሽንግተን ላይ «ኢትዮጵያ» ማለት ጥቁር ቀለም የተቀባ ነጭ ፊት ነበር ማለት ነው። እነዚህን ስሙ አልልም። እንደነበሩ ግን እወቁ፤ ከእነሱ በኋላ የመጣው ሁሉ በዚህ ስድብ ላይ የተሰጠ መልስ ነውና።

የመጀመሪያው ለጆሮ የምመክረው ቃል የሌለው ሙዚቃ ነው። የኒው ጀርሲው ጆሴፍ ላምብ በ1909 ያሳተመው «ኢትዮፒያ ራግ»። ላምብ ነጭ ነው። የራግታይም ንጉሥ የሚባለው ጥቁሩ ስኮት ጆፕሊን ሥራውን ወዶ ከአሳታሚው ከጆን ስታርክ ጋር ያገናኘው ሰው ነው፤ ዛሬ ራግታይም ሲነሣ ሦስት ስሞች ከተጠሩ አንዱ የእሱ ነው። በፒያኖ ብቻ የሚሰማ ጨዋታ ሲሆን ግራ እጅ በእኩል ምት ሲራመድ ቀኝ እጅ ከምቱ መሐል መሐል ይገባል። ስለ አገራችን የሚለው ነገር የለም። ሆኖም በዚያ ዘመን ስሙ ከመሳለቂያ ወጥቶ በጥንቃቄ የተሠራ ሙዚቃ ርእስ ላይ መቀመጡ ራሱ እርምጃ ነው።

ከእሱ ቀጥሎ «ኢትዮፒያ ሳሉቲንግ ዘ ከለርስ» ይመጣል። ግጥሙ የዋልት ዊትማን ነው። በአሜሪካ የእርስ በርስ ጦርነት የጄኔራል ሸርማን ጦር በካሮላይና ሲያልፍ አንዲት ያረጀች ጥቁር ሴት ከጎጆዋ ወጥታ ባንዲራውን እጅ ትነሣለች። የዊትማን ርእስ እሷን «ኢትዮጵያ» ብሎ ይጠራታል። አባቱ የሴራሊዮን ሰው የሆነው የለንደኑ ሳሙኤል ኮልሪጅ ቴይለር በዚህ ርእስ ማርሽ ጻፈ። ሃሪ በርሌይ ደግሞ በ1915 ለአንድ ድምፅና ለፒያኖ ዜማ አወጣለት። በርሌይ አያቱ ባሪያ የነበሩ፣ በኒው ዮርክ ለቼኩ የሙዚቃ ሊቅ ለድቮርዣክ የባሪያ መዝሙሮችን በድምፁ ያሰማ ሰው ነው። የእሱን «ኢትዮጵያ» ስትሰሙ ዘፋኙ የሴትየዋን ድምፅ ሲወስድ ፒያኖው እንዴት እንደሚያዘግም አስተውሉ። በዚህ ሰልፍ ውስጥ ካሉት ሁሉ ይበልጥ የሚከብደኝ እሱ ነው።

በሴሬናደርሶቹና በላምብ ዘመን መካከል ግን አንድ ነገር ሆኗል፤ የሆነውም ከዚህ ተራራ የሚነሣ ነው። ጥቅምት 25 ቀን 1882 ዓ.ም. ዳግማዊ ምኒልክ ንጉሠ ነገሥት ተብለው የተቀቡት በዚሁ በእንጦጦ ማርያም ነው። ግቢው ውስጥ ያለው ሙዚየም የዚያን ዘመን አልባሳትና ዕቃ ይዟል። ከደጁ ቆሞ ወደ ደቡብ ለሚመለከት ከተማው እግሩ ሥር ተዘርግቶ ይታያል፤ ያን ጊዜ ግን ታች ያለው ሜዳና ፍል ውሃ ነበር። እዚህ የተቀቡት ንጉሥ ከስድስት ዓመት በኋላ፣ የካቲት 23 ቀን 1888 ዓ.ም.፣ አድዋ ላይ የኢጣልያን ጦር ድል አደረጉ። ከዚያ በኋላ «ኢትዮጵያ» የሚለው ስም ባለቤት አገኘ። ኒው ዮርክና ኪንግስተን ያለ ጥቁር ሰው በመዝሙረ ዳዊት እጆቿን ስለምትዘረጋው ኢትዮጵያ ሲያነብ የሚያስበው የቆመና ያልተገዛ አገር ሆነ።

የጨዋታው እምብርት የሆነው ዘፈን የተወለደው ከዚህ ነው። ደራሲው አርኖልድ ጆሳያ ፎርድ ይባላሉ። በ1877 በባርቤዶስ ተወለዱ፤ ወደ አሜሪካ ተሻግረው በኒው ዮርኩ የጥቁሮች ሰፈር በሃርለም የሙዚቃ ሰው ሆኑ። ማርከስ ጋርቬይ የመሠረተው የጥቁሮች ማኅበር በሊበርቲ ሆል ስብሰባውን ሲያደርግ መዘምራኑን የሚመሩት እሳቸው ነበሩ። ከቤንጃሚን በሬል ጋር ሆነው «ኢትዮፒያ፣ ዛው ላንድ ኦፍ አወር ፋዘርስ» የተባለውን መዝሙር ጻፉ፤ ርእሱ ኢትዮጵያን የአባቶቻችን ምድር እያለ የሚጠራ ነው። ማኅበሩም በነሐሴ 1920 በኒው ዮርክ ባካሄደው ታላቅ ጉባኤ የዓለም ጥቁሮች ሁሉ ብሔራዊ መዝሙር ይሁን ብሎ አወጀው። እስቲ አስቡት፤ ኢትዮጵያን አይተው የማያውቁ፣ አያቶቻቸው በመርከብ ሆድ ተጭነው የመጡ፣ አብዛኞቹም ዘራቸው ከምዕራብ አፍሪካ የሚመዘዝ ሰዎች በሺዎች ሆነው ቆመው የእኛን አገር ስም እንደ ራሳቸው ዘመሩ።

ዜማው የማርሽ ነው፤ ለሰልፍ የተሠራ፣ ለብዙ ድምፅ የሚመች። በአንድ ሰው ድምፅ ሲዘመር ይቀዘቅዛል፤ የመዘምራን ቅጂ ፈልጉለት። ጃማይካ ውስጥ ራስተፈሪያኖች በከበሮ አዘግይተው እስከ ዛሬ በየጸሎታቸው ይዘምሩታል፤ ለእኔ የበለጠ የሚያምረኝ ያኛው ነው። ማርሹ የሚያስቸኩለውን ቃል ከበሮው ጊዜ ሰጥቶ ያሳርፈዋል።

ፎርድ ዘፍነው ብቻ አልቀሩም። በ1930 ለቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ የዘውድ በዓል ወደ አዲስ አበባ መጡ፤ መጥተውም ቀሩ። ያው ዓመት በከተማችን የሌላ «ኢ» ዓመት ነው። በ1924 ልዑል አልጋ ወራሽ ተፈሪ ከኢየሩሳሌም ካመጧቸው ከ40ዎቹ የአርመን ወላጅ አልባ ልጆች ጋር የመጣው የሙዚቃ መሪ ኬቮርክ ናልባንዲያን ዜማውን፣ ዮፍታሔ ንጉሤ ግጥሙን ያዘጋጁት «ኢትዮጵያ ሆይ» የአገር መዝሙር የሆነው በዚያው በ1930 ነው። አንዱን «ኢትዮጵያ» ባርቤዶሳዊ ለሃርለም፣ ሌላውን «ኢትዮጵያ» አርመናዊ ለአዲስ አበባ ደረሱት፤ ሁለቱም ደራሲዎች በአንድ ከተማ፣ በአንድ ጊዜ ኖሩ። ሁለቱም የናፍቆት ሰዎች ናቸው። አንዱ አያቶቹ የተነጠቁትን አገር፣ ሌላው ከአርመኖች እልቂት የተረፉ ልጆችን ይዞ ማረፊያ ፈለጉ፤ ያገኙትንም ስም ወደ ዜማ ለወጡት። ስለ ሙዚቃ ታሪካችን ስንናገር ናልባንዲያንን እናነሣለን፤ ይገባዋልም። ፎርድን ግን ረስተናል።

አርኖልድ ፎርድ በመስከረም 1935 እዚሁ አዲስ አበባ ዐረፉ። ከሳምንታት በኋላ የሙሶሊኒ ጦር መረብን ተሻገረ። በዚያው ዓመት ሮም ላይ ስለ አንዲት ሐበሻ ልጅ የተዘፈነ «ፋቼታ ኔራ» የሚባል ዘፈን የወታደሩ ሁሉ አፍ ላይ ነበር፤ ነጻ እናወጣሻለን እያለ አገሯን ሊይዝ የሚዘምት ሰው ዘፈን። በ«ፋ» ይጀምራልና ከሰልፋችን ውጭ ነው፤ ውጭ መሆኑም ደግ ነው። የፎርድ ባለቤት ሚኞን ፎርድ ግን ሁለት ወንዶች ልጆቻቸውን ይዘው የወረራውን ዓመታት እዚሁ አሳለፉ። ከነጻነት በኋላ ትምህርት ቤት ከፈቱ፤ ልዕልት ዘነበ ወርቅ ትምህርት ቤት የእሳቸው የእጅ ሥራ ነው። ከልጆቻቸው አንዱ አብይ ፎርድ ዋሽንግተን በሚገኘው ሃዋርድ ዩኒቨርሲቲ ለብዙ ዓመታት ፊልም ካስተማሩ በኋላ ወደ አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ተመልሰው የጋዜጠኝነትና ኮሙኒኬሽን ትምህርቱን መርተዋል። የመዝሙሩ ቤተሰብ እስከ እኛ ዘመን ድረስ የከተማችን ሰው ነበር።

እዚህ ላይ ፊደሉን ለአንድ አፍታ ልልቀቅ። ከ«ኢ» አጠገብ በ«አ» የምትጀምር አንዲት ሥራ አለችና ሳላነሣት ባልፍ ይቆጨኛል። የቬርዲ ኦፔራ «አይዳ» የምትዘፍነው በግብፅ ስለተማረከች የኢትዮጵያ ልዕልት ነው። ያሠራት የግብፁ ከዲቭ እስማኤል ነው፤ በታኅሣሥ 1871 ካይሮ ላይ ታየች። በመድረኩ ላይ ግብፅ ኢትዮጵያን ድል ታደርጋለች። እስማኤል እውነተኛውን ጦር ከአራት ዓመት በኋላ ሲልክ ግን ዐፄ ዮሐንስ በመጀመሪያ ጉንደት ላይ፣ ቀጥሎም ጉራዕ ላይ አሸነፉት። ኦፔራውን ስትሰሙ ይህን አስታውሱ።

ወደ ሰልፉ ስንመለስ 1960ዎቹና 70ዎቹ የደስታ ዓመታት ናቸው። በሚያዝያ 1966 ንጉሠ ነገሥቱ ጃማይካን ሲጎበኙ ኪንግስተን አውሮፕላን ማረፊያ በሕዝብ ተጥለቀለቀ፤ የሙዚቃ ቡድኖችም «ዘ ኢትዮፒያንስ»፣ «ዘ አቢሲኒያንስ» እየተባሉ ተሰየሙ። ከዚህ ወገን የምመክረው ከጃማይካ ሳይሆን ከለንደን የመጣውን «ኢትዮፒያን ራፕሶዲ» ነው። የካሪቢያን ስደተኞች ልጆች የሆኑት አስዋዶች በ1976 በመጀመሪያ አልበማቸው ያወጡት ያለ ድምፅ የሚሄድ ሬጌ ነው። ጃዝ ለሚወድ ደግሞ የመለከተኛው የዶናልድ በርድ «ኢትዮፒያን ናይትስ» አለ። በ1972 በብሉ ኖት የወጣ አልበም ሲሆን፣ «ንጉሠ ነገሥቱ» የሚል ትርጉም ያለው የመጀመሪያው ሥራ ከሩብ ሰዓት የማያንስ የባስና የከበሮ ጉዞ ነው። ማታ መንገድ ላይ እንጂ ቤት ተቀምጦ አይሰማም። በዚያው ዘመን ዱክ ኤሊንግተን በ1973 አዲስ አበባ መጥቶ ከንጉሠ ነገሥቱ እጅ ኒሻን ተቀብሏል፤ ወጣቱ ሙላቱ አስታጥቄም አብሮት ነበር። ስሙና ባለ ስሙ ተገናኝተው ነበር ማለት ይቻላል።

ከዚያ የ77ቱ ረሃብ መጣ።

ልጆቹ ሲጠይቋቸው አዛውንቱ መምህር ለብዙ ጊዜ ዝም ብለው ነበር። በ1977 ዓ.ም. ወሎ ውስጥ ነበር የሚያስተምሩት። «ዘፈኑን አልሰማነውም» አሏቸው። «እኛ ያየነው ስንዴውን ነው። ስለኛ እንደተዘፈነ ያወቅሁት ከዓመታት በኋላ ነው። ተማሪዎቼ ግማሾቹ አልተመለሱም።» ከዚህ በላይ አልተናገሩም፤ ልጆቹም አልገፏቸውም።

እሳቸው ያልሰሙትን ዓለም ሁሉ ሰማው። ጥቅምት 23 ቀን 1984 የቢቢሲው ማይክል ቡርክ ዘገባና የኬንያዊው ካሜራማን የመሐመድ አሚን ምስል ከቆረም ተነሥቶ የአውሮፓን ሳሎኖች አዳረሰ። በአንድ ወር ገደማ ቦብ ጌልዶፍና ሚጅ ዩር የእንግሊዝን ዘፋኞች ሰብስበው «ዱ ዜይ ኖው ኢትስ ክሪስማስ» ብለው ዘፈኑ። ልደትን ከ1,600 ዓመት በላይ ስታከብር የኖረች አገር ገና መሆኑን ታውቅ እንደሆነ በርእሱ ተጠየቀች። ጥር 1985 ላይ አሜሪካኖቹ «ዊ አር ዘ ወርልድ»ን ቀረጹ፤ ከማይክል ጃክሰን ጋር የጻፈው ያው የ«ኤንድለስ ላቭ»ና የ«ኢዚ» ባለቤት ላየኔል ሪቺ ነው። በየካቲት ካናዳውያን በተራቸው የራሳቸውን ቀረጹ። የሦስቱም ርእስ ስማችንን አይጠራም። እርዳታው ሕይወት አድኗል፤ ይህን ለመካድ የሚደፍር ያንን ዓመት ያላየ ነው። የማዝነው እንደ ዘፈን ስሰማቸው ነው። በእነሱ ውስጥ ኢትዮጵያዊ የሚባል ሰው የለም፤ የተዘረጋ እጅ ብቻ አለ። የፎርድ መዝሙር ከፍ ያደረገውን ስም አንድ የክረምት ወቅት የረሃብ ስም አድርጎት ቀረ።

በ«ኢ» የሚጀምሩት ሁለቱ ከእነዚህ ይለያሉ፤ እርስ በርሳቸውም ይለያያሉ። የመጀመሪያው የፈረንሳዮቹ «ኤቲዮፒ» ነው። በ1985 ሻንተር ሳን ፍሮንቲዬር በሚል ስም የተሰበሰቡ ዘፋኞች ሠሩት፤ ግጥሙ የሬኖ፣ ዜማው የፍራንክ ላንጎልፍ ነው። ገቢው ድንበር የለሽ የሐኪሞች ቡድን ለሚባለው ድርጅት ነበር። ዜማው የዋህና የሚያባባ ነው፤ ከሩቅ ሆኖ ቀስ በቀስ ስለምትሞት አገር ያለቅሳል። የሚያምመው ግን ከዘፈኑ በኋላ የሆነው ነው። የፈረንሳዩ የሐኪሞች ቡድን መንግሥት ከወሎና ከትግራይ ሕዝቡን በግድ እያፈናቀለ ወደ ደቡብ ምዕራብ ያሰፍራል፣ በመንገድ ሰው እያለቀ ነው ብሎ ተናገረ፤ በዚያው ዓመት በታኅሣሥ ከአገር ተባረረ። ዘፈኑ ስለ ድርቅ ያለቅስ ነበር፤ ገንዘቡ የደረሳቸው ሐኪሞች ግን ከድርቁ ሌላ ገዳይ አዩ። «ኤቲዮፒ»ን ይህን እያወቀ የሰማ ሰው በዜማውና በእውነቱ መካከል ያለው ርቀት ይሰማዋል።

ሁለተኛው የጆኒ ሚቸል «ኢትዮፒያ» ነው። በ1985 መጸው በወጣው «ዶግ ኢት ዶግ» አልበሟ ውስጥ አለ። ሚቸል ከካናዳውያኑ ጋር ቆማ የሕብረቱን ዘፈን ዘፍና ነበር፤ ከዚያ ወደ ቤቷ ገብታ የራሷን ጻፈች። የራሷ ግን አያባብልም። ዝናቡ የከዳውን ሰው ፖለቲካውም እንደከዳው ትናገራለች፤ በረሃብተኛው መሐል ፈገግ እያለ የሚዘዋወረውን የቴሌቪዥን ኮከብ፣ ሕፃኑን እንደ ዕቃ የሚጠራውን፣ ፊት ለፊት ትወቅሰዋለች። ዜማው አያልቅም፣ አያርፍም፤ አንድ ቦታ ላይ እየዞረ ያንቃል። በዚያ ዓመት ከተዘፈኑት ሁሉ ክብራችንን የጠበቀው ይህ ነው ብዬ አምናለሁ። በሬዲዮ ግን አይሰማም፤ የሚሰማው ሁልጊዜ ሌላው ነው። የ77ን ረሃብ ዓለም እንዴት እንደዘፈነው ለማወቅ የሚሻ ወጣት አንድ ብቻ የመስማት ጊዜ ቢኖረው የሚቸልን ይስማ።

በሰልፉ መጨረሻ ያለው ሬድ ሆት ቺሊ ፔፐርስ ነው። ባሲስቱ ፍሊና ጊታሪስቱ ጆሽ ክሊንግሆፈር ከእንግሊዛዊው ዴመን አልባርን የ«አፍሪካ ኤክስፕረስ» ጉዞ ጋር ኢትዮጵያ መጡ፤ ሙዚቀኞቻችንን ሰሙ። በ2011 ባወጡት «አይም ዊዝ ዩ» አልበም ውስጥ «ኢትዮፒያ» የሚል ዘፈን አስገቡ። ምቱ በሰባት የሚቆጠር ነው፤ እግር ይጠብቀውና ቀድሞ ያመልጣል። ከጭፈራችን ምት ጋር አንድ አይደለም፤ እንግዳ ሰው ምታችንን ሰምቶ በራሱ እግር ሊራመደው ሲሞክር የሚወጣ ነገር ይመስለኛል። ግጥሙ ውስጥ ረሃብ የለም፣ አንበሳም የለም። ዘፋኙ አንቶኒ ኪዲስ ራቅ ካለ ቦታ ሆኖ ለልጁ ፍቅሩን ይልካል። በመቶ ዓመት ውስጥ ኢትዮጵያ ለፈረንጅ ዘፋኝ ተስፋም ስቃይም ሳትሆን ሄዶ የተመለሰባት፣ ሰው የሚኖርባት ቦታ የሆነችው ምናልባት እዚህ ነው። ተማሪዎቹ ስልካቸው ላይ ፈልገው ሲያገኙት ባለ «ኧርንድ ኢት»ው ልጅ ሁለት ጊዜ አሰማው፤ በጣቱ ሰባቱን እየቆጠረ።

ሚኒባሱ ሞልቶ ረዳቱ «ሽሮ ሜዳ! ሽሮ ሜዳ!» ሲል ልጆቹ ተነሡ። ቡናውን ማን እንደከፈለ አላየሁም።

መስማት ለምትፈልጉ አንድ ምክር አለኝ። በዘመን ቅደም ተከተል አትስሟቸው፤ ታሪክ ይሆንባችኋል። የጆኒ ሚቸልን መጀመሪያ ስሙ፣ ወዲያው የፎርድን መዝሙር በራስተፈሪያኖቹ ከበሮ አስከትሉ፣ ከዚያ የበርሌይን ስሙ። ሦስቱን ጎን ለጎን የሰማ ሰው ቀሪዎቹን በራሱ ይፈልጋቸዋል። «አይዳ»ን ከነጉራዕ ታሪኳ፣ ላምብን ለጠዋት፣ በርድን ለማታ አስቀምጡ።

ለኤፍ ኤም ሬዲዮ የሙዚቃ አዘጋጆችም አንድ ልመና አለኝ። በየዓመቱ የካቲት 23 የአድዋን ዘፈኖች ታሰሙናላችሁ፤ በርቱ። በመጪው የካቲት ግን ከእነሱ መካከል አንድ ቦታ ለቃችሁ «ኢትዮፒያ፣ ዛው ላንድ ኦፍ አወር ፋዘርስ»ን አሰሙን። ደራሲው አርኖልድ ፎርድ የሚባሉ የባርቤዶስ ሰው መሆናቸውን፣ መዝሙሩን ከጻፉ በኋላ የዘመሩላትን አገር ፍለጋ መጥተው በ1935 አዲስ አበባ ላይ ማረፋቸውን ጨምራችሁ ንገሩን።